አሮጌ የጋዝ ግሪል፦ ምኑ ይታደሳል፣ ምኑ ይጣላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች ከአንዱ በስተቀር ከአሜሪካ የተላኩ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ሊጥለው መንገድ ዳር ያወጣውን የዌበር ግሪል አንስቼ ቤቴ አስገባሁ። ባለ ሦስት በርነር (ጋዙ የሚነድበት ቱቦ) ጄነሲስ ሲልቨር ቢ የሚባል ሞዴል ነው፤ ማዞሪያዎቹ በቀኝ ጎኑ ናቸው። ውስጡ ያሉት ብረቶች ዝገው ተበሳስተዋል። ባለቤቴ «የሰው ቆሻሻ ሰብስበህ መጣህ» እያለችኝ ነው። ልልፋበት ወይስ ልጣለው?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ የውስጡ ብረት መበሳሳት አያስደንግጥዎ፤ እሱ በየጥቂት ዓመቱ የሚለወጥ ዕቃ ነው። ነገሩን የሚወስኑት ሳጥኑና እግሩ ናቸው። የዚህ ሞዴል ማብሰያ ሳጥንና የክዳኑ ሁለት ጎኖች ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ወፍራም አልሙኒየም ናቸው። አልሙኒየም እንደ ብረት እየተላጠ አያልቅም፤ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ያወጣና እዚያው ይቆማል። ጄነሲስ ገበያ ላይ ከዋለ ከ1985 ወዲህ የተሸጡ አሮጌዎች ዛሬም በየጓሮው የሚታዩት ለዚህ ነው። ሳጥኑ ስስ ቆርቆሮ የሆነ ርካሽ ግሪል ቢሆን ኖሮ «ባለቤትዎ ልክ ናቸው» እንልዎ ነበር።

መጀመሪያ ከሳጥኑ ሥር ያለውን የስብ ትሪ ስበው ያውጡና ሳጥኑን ከታች ወደ ላይ በባትሪ ይዩት፤ በተለይ ብሎኖቹ የሚገቡባቸውን ጥጎች። ስንጥቅ ካለው ይተዉት። ቀጥሎ እግሩን። እግሮቹና አግዳሚዎቹ ቀለም የተቀባ ብረት በመሆናቸው ውሃ የሚቋጥሩበት ቦታ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋሉ፤ አደገኞቹ ተሽከርካሪ ጎማው የሚገባበት የእግር ጫፍና ታንኩ የተንጠለጠለበት በኩል ያለው የታችኛው አግዳሚ ናቸው። በካቻቪቴ ጫፍ ጠንከር አድርገው ይውጉት። ዝገቱ የላይ ብቻ ከሆነ ካቻቪቴው ይቆማል፤ ሰርስሮ ከገባ ያ እግር ሙሉ ታንክና የጋለ ሳጥን ሊሸከም አይገባውም። በመጨረሻ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ተጭነው ያዙሩ። አልነቃነቅ ያለ ቫልቭ ካለ በፒንሳ አያስገድዱት፤ ቫልቮቹን ከተሸከመው ቧንቧ ጋር አንድ ላይ መለወጥ ነው።

ይህን ካለፈ የሚገዙት በርነሮቹን፣ ከበርነሮቹ በላይ የሚቀመጡትን አምስት ጣራ መሰል ብረቶች (ሻጮቹ ፍሌቨራይዘር ባር ይሏቸዋል)፣ ምናልባትም ፍርግርጉን፣ እንዲሁም ከታንኩ ጋዝ የሚያመጣውን ጎማ ከነሬጉሌተሩ (ከግፊት መቆጣጠሪያው ጋር) ነው። ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣው ባሮቹ ላይ ነው። የእርስዎ ሲልቨር ቢ የሚወስደው ርዝመቱ 22.5 ኢንች የሆነውን ነው። ከ2007 እስከ 2010 የተሠሩት፣ ማዞሪያቸው በጎን የሆነው የ300 ተከታታይ ሞዴሎች 24.5 ኢንች፣ ከ2011 እስከ 2016 የተሠሩት ማዞሪያቸው ፊት ለፊት የሆነው ደግሞ 17.5 ኢንች ይወስዳሉ። ሁሉም «ጄነሲስ» ስለሚባሉ በስም ብቻ ያዘዘ ሰው የማይገጥም ዕቃ ይደርሰዋል። አሮጌውን በሜትር ለክተው ይዘዙ።

ውፍረቱንም ይጠይቁ። በጌጅ ሲለካ ቁጥሩ ሲያንስ ብረቱ ይወፍራል፦ 16 ጌጅ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 18 ጌጅ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 16ቱን ይምረጡ። ስቴንለስ ሲባልም ዓይነት አለው፤ 304 የሚባለው ዝገትን በደንብ ይቋቋማል፣ 430 ግን ጨውና እርጥበት ሲበዛበት ይዝጋል። ማግኔት ያስጠጉበት፤ ጥብቅ አድርጎ ከያዘ 304 አይደለም። ከጋራዥ ቆርቆሮ ቆርጠው ራስዎ ሊሠሩት ካሰቡ ደግሞ ዚንክ የተቀባውን በምንም መንገድ አይጠቀሙ፤ ዚንኩ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ለሳንባ መርዝ ነው።

በእኛ ሚዛን የመለዋወጫው ድምር ከተመሳሳይ አዲስ ግሪል ዋጋ ግማሹን ካለፈ ማቆም ይሻላል። የሚቆጥቡትን በቀለሙና በመደርደሪያው ላይ ይቆጥቡ። ጎማውና ሬጉሌተሩ ግን ስንት ዓመት እንደሠሩ የሚነግርዎ ሰው ከሌለ፣ ደህና ቢመስሉም ይለውጧቸው።

ጥያቄ፦ የግሪሌ ክዳን ከውስጥ በኩል ቀለሙ እየተላጠ ሥጋው ላይ ይረግፋል። በምድጃ ማጽጃ ስፕሬይ ሙልጭ አድርጌ አጥቤ እንደገና ቀለም ልቀባው አስቤያለሁ። ምን ዓይነት ቀለም ልግዛ?
አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ቀለሙንም ስፕሬዩንም አይግዙ። የሚረግፈው ቀለም አይደለም፤ የስብ ጭስ ለዓመታት ተጋግሮ ካርቦን ሆኖ ነው። ክዳኑ ለብ ባለ ጊዜ የአልሙኒየም ፎይል ጨምድደው ይሹት፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠቡት። የክዳን ውስጥ፣ የሳጥን ውስጥና ፍርግርግ ቀለም አይቀቡም። እሳትና ስብ ባለበት ቦታ ቀለሙ አይቆይም፤ ያን ጊዜ በእርግጥም ሥጋው ላይ የሚረግፈው ቀለም ይሆናል።

የምድጃ ማጽጃው ነገር ይበልጥ ከባድ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት በኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ አልሙኒየምን ይበላል። ሳጥኑ ላይ ሲረጭ አረፋ እያወጣ ይጠቁራል፣ ላዩም ይቦረቦራል። ይልቅ በርነሮቹን ካወጡ በኋላ የተጋገረውን ስብ በፕላስቲክ መፋቂያ ወደ ታች ትሪው ላይ ይግፉት፤ የቀረውን በሙቅ የሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ ግማሽ ሰዓት ሸፍነው ያቆዩትና ይጥረጉት። ብረቱ እስኪያበራ መፋቅ አያስፈልግም፤ ስስ ጥቁር ሽፋን ቢቀር ጉዳት የለውም።

ቀለም የሚቀባው የሳጥኑና የክዳኑ የጎን አልሙኒየም ውጭው ብቻ ነው። ነጩን ዱቄት በድሪል ላይ በሚታሰር ክብ የሽቦ ብሩሽ ያንሱ (መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርገው)፣ በኮምጣጤ ይወልውሉት፣ በውሃ አለቅልቀው ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። ከዚያ እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል የሙቀት ቀለም በሁለት ወይም ሦስት ስስ ዙር ይርጩ። አንድ ወፍራም ዙር ይፈስሳል፤ ሲሞቅም ያብጣል። ጣሳው ላይ የተጻፈው የማድረቂያ ሰዓት ሲሞላ መጀመሪያ በዝቅተኛ እሳት፣ ቀስ በቀስ በከፍተኛ ያሙቁት። ይሸታል፤ ያን ዕለት ምግብ አይሠራበትም።

እግረ መንገዳችንን፦ ፍርግርግ ለማጽዳት ያረጀ የሽቦ ብሩሽ አይጠቀሙ። ሽቦው ተነቅሎ ፍርግርጉ ላይ ይቀርና ከሥጋው ጋር ይዋጣል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2012 ባወጣው ሪፖርት በሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ፣ በዚህ ምክንያት ጉሮሯቸውና አንጀታቸው የተወጋ ሰዎችን መዝግቧል። ፍርግርጉ ትኩስ ሳለ የተቆረጠ ሽንኩርት በሹካ ወግቶ ማሸት ለዕለታዊ ጽዳት ይበቃል፤ የባሰውን በእንጨት መፋቂያ።

ጥያቄ፦ ሳጥኑን ከእግሩ ለማላቀቅ ብሎኖቹ እምቢ አሉ። አንዱ ተቆረጠብኝ።
አንባቢ፣ ከሲያትል

መልስ፦ ብረት ብሎን አልሙኒየም ውስጥ ገብቶ እርጥበት ሲያገኝ አልሙኒየሙ ይበላል፤ ትርፉ ዱቄት ጥርሱን ይሞላዋል። በእናንተ አካባቢ ዝናብ ደግሞ መጠበቁ አይቀርም። ጉልበት አይጨምሩ። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭተው ያሳድሩት፣ ጠዋት ይድገሙት። ካልሆነ ዘይቱን ጠርገው ብሎኑን ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን አልሙኒየም በሙቅ አየር ማሽን ያሙቁት፤ አልሙኒየም ከብረት የበለጠ ስለሚለጠጥ ቀዳዳው ትንሽ ይሰፋል። መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው ያዙሩ፤ እንዲህ እያወዛወዙ ይሞክሩ። ታንኩ ይህ ሁሉ ሲሆን አጠገቡ መኖር የለበትም።

የተቆረጠው ከወዲያ በኩል ዳዶ ካለው ዳዶውን በመጋዝ ቆርጠው ይጣሉት። ከሌለው መሐሉን በፖንታ ምልክት አድርገው በቀጭን መብሻ ይጀምሩ፤ ከዚያ መጠኑን እየጨመሩ ይሂዱ። ሲመልሱ ስቴንለስ ብሎን ይግዙና ጥርሱን ብሎን እንዳይነክስ የሚያደርገውን ቅባት (አንቲሲዝ) ይቀቡት። በሚቀጥለው ጊዜ በእጅ ኃይል ይፈታል።

እግሩን ለመቀባት በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን አንስተው በ120 ያለስልሱ፤ አንቲረስት አንድ ዙር፣ የውጭ ቀለም ሁለት ዙር። እዚህ የሙቀት ቀለም አያስፈልግም። የቱቦ እግሮቹን ክፍት ጫፍ በፕላስቲክ ውታፍ መዝጋት አይርሱ፤ ካልዘጉት ውሃው ውስጥ ለውስጥ ሥራውን ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ አዲስ ታንክ ገጠምኩ፤ ሦስቱም በርነር እስከ መጨረሻ ተከፍቶ እሳቱ የሻማ ያህል ነው። ሙቀቱ ከ300 ፋራናይት አያልፍም። ሬጉሌተሩ ሞቷል?
አንባቢ፣ ከላስ ቬጋስ

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም፤ ራሱን ዘግቶ ነው። የአሜሪካ ግሪሎች ታንኩ ላይ በሚጠብቀው ትልቅ የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ጋዝ በድንገት በብዛት ሲፈስ «ጎማው ተበጥሷል» ብሎ ፍሰቱን የሚያንቅ መከላከያ አላቸው። ማዞሪያው ተከፍቶ ሳለ ታንኩን ከከፈቱ፣ ወይም ታንኩን በአንድ ጊዜ ቦግ አድርገው ከከፈቱ፣ መከላከያው ይታለላል።

ታንኩን ይዝጉ፣ ማዞሪያዎቹን ሁሉ ይዝጉ፣ ጎማውን ከታንኩ ይፍቱና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። መልሰው በእጅ ያጥብቁ። ማዞሪያዎቹ እንደተዘጉ ታንኩን በጣም በዝግታ ይክፈቱ፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይተው አንዱን በርነር ይለኩሱ። ሁለት ጊዜ ሞክረው ካልተስተካከለና ጋዝ የማያፈስ ከሆነ ያን ጊዜ ሬጉሌተሩን ይለውጡ። ሲገዙ የሚፈልጉት የመውጫ ግፊቱ 11 ኢንች የውሃ ዓምድ (27 ሚሊባር ገደማ) የሆነ የፕሮፔን ሬጉሌተር ነው። ለትላልቅ የውጭ ምድጃዎች የሚሸጠው ባለ ከፍተኛ ግፊት ቢገጥምም አይገጠምም!

ጥያቄ፦ ሁዳዴን ሙሉ ተሸፍኖ የከረመውን ግሪል የፋሲካ ዕለት ስለኩስ እሳቱ በፍርግርጉ በኩል ሳይሆን በማዞሪያዎቹ ሥር ወጣ። ፈርቼ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።
አንባቢ፣ ከዳላስ

መልስ፦ ማጥፋትዎም፣ አለመንካትዎም ልክ ነው። ተጠርጣሪው ሸረሪት ነው። በየበርነሩ አፍ ላይ ጋዙ ከአየር ጋር የሚቀላቀልበት ክፍት ቦታ አለ። ግሪሉ ሥራ ሲፈታ ትንንሽ ሸረሪቶች በዚያ ገብተው ቱቦው ውስጥ ድር ያደራሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ። ድሩ በዓይን የማይሞላ ቢሆንም ጋዙን ወደፊት አላሳልፍ ይላል፤ ጋዙም ወደ ኋላ ተመልሶ ማዞሪያው ሥር ይነዳል። 55 ቀን ለሸረሪት ብዙ ነው።

ታንኩን ፈትተው ከአካባቢው ያርቁ። ፍርግርጉንና ባሮቹን አንስተው በርነሮቹን ያውጡ። አንዱን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙረው በሌላው በኩል ይመልከቱ፤ ጥርት ያለ ክብ ብርሃን ካላዩ ውስጡ ነገር አለ። ረጅም ተጣጣፊ የጠርሙስ ብሩሽ ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው ያሳልፉ፣ ቱቦውን መሬት ላይ ጠብ ጠብ አድርገው ያራግፉ። የእሳቱን ቀዳዳዎች ከላይ በናስ ብሩሽ ሲያጸዱ በቱቦው አግድም ይቦርሹ፤ በርዝመቱ ከቦረሹ ቆሻሻውን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እየገፉ ነው። የተደፈነውን በስንጥር ይክፈቱ። መብሻ አያስገቡ፤ የሰፋ ቀዳዳ ረጅምና ሰነፍ ነበልባል ያመጣል። ሁለት ቀዳዳዎች በዝገት ተገናኝተው አንድ ከሆኑ ያ በርነር አልቋል።

ቫልቩ ጫፍ ላይ ያለችውን የመርፌ ዓይን የምታህል የናስ ቀዳዳ በመርፌ አይንኳት። የጋዙን መጠን የምትወስነው እሷ ናት፤ ትንሽ ብትሰፋ ሁሉ ነገር ይዛባል። ላይዋን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠርጎ መተው ይበቃል።

በርነሩን ሲመልሱ አፉ የቫልቩን ጫፍ በትክክል መዋጡን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ከጎኑ ወይም ከሥሩ ካለፈ ያው የፋሲካው እሳት ይደገማል። ቱቦው አፍ ላይ የነፍሳት መከላከያ ወንፊት ካለ አቧራውን አራግፈው ይመልሱት፤ «አየር ይከለክላል» ብለው የሚያወጡት ሰዎች ሸረሪቱን እየጋበዙ ነው።

ከመለኮስዎ በፊት ጋዝ ማፍሰሱን ይፈትሹ። አንድ እጅ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከሦስት እጅ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ፤ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ናስ ስለሚያሰነጥቅ አይሆንም። ማዞሪያዎቹን ዘግተው ታንኩን ይክፈቱ፣ ውህዱን በስፖንጅ ከታንኩ አንገት ጀምሮ እስከ ቫልቮቹ በየመጋጠሚያው ይቀቡ። እያበጠ የሚሄድ አረፋ ካዩ ታንኩን ዘግተው ያጥብቁ። ጎማው ራሱ ላይ አረፋ ከወጣ አይጠገንም፣ ይለወጣል። መጋጠሚያው ላይ ነጭ ቴፕ መጠምጠም የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ የግሪል ጎማ መጋጠሚያዎች የሚዘጉት በሾጣጣው ናስ ወይም በላስቲክ ቀለበት እንጂ በጥርሱ ስላልሆነ ቴፑ አይረዳም፣ ቁራጩ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳ ሊደፍን ግን ይችላል።

ክዳኑን ከፍተው ይለኩሱ። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ካልያዘ ዘግተው ክዳኑ እንደተከፈተ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ጥሩ ነበልባል ሰማያዊ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ይኖረዋል፤ ሲመሽ ካዩት ይለያል። ሙሉ ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ከጣለ አየር አንሶታል፣ ከቱቦው እየተነሳ እየጮኸ ከተንሳፈፈ አየር በዝቶበታል። በበርነሩ አፍ ያለውን የአየር መዝጊያ ብሎኑን ላላ አድርገው በሚሊ ሜትር መጠን ብቻ ያዙሩት፤ ግሪሉ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለእንግዳ ጥብስ ትልቅ የብረት ምጣድ ግሪሉ ላይ ጣድኩ። ጥብሱ ደረሰ፣ ማዞሪያዎቹ ግን ቀለጡ። የፋብሪካ ጥፋት ነው?
አንባቢ፣ ከአትላንታ

መልስ፦ የምጣዱ ነው። የጋዝ ግሪል ትኩስ አየር ወደ ላይና ወደ ኋላ እንዲወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ምጣዱ ፍርግርጉን ከዳር እስከ ዳር ሲከድን ሙቀቱ መውጫ ያጣና በጎንና በታች ይመጣል፤ ማዞሪያ ያቀልጣል፣ ከባሰም ጎማውንና ታንኩን ያገኛል። ፍርግርጉን በሙሉ በፎይል ማልበስም ያው ነው። ከግማሽ በላይ አይሸፍኑ፤ ምጣዱን በአንድ ወገን አድርገው ከሥሩ ያለውን በርነር ብቻ ይጠቀሙ። የሳሳ ወይም ያበጠ ጎማ ካዩ ዛሬውኑ ይለውጡት።

ጮማ በቀጥታ ፍርግርግ ላይ የሚጠብሱም ትሪውን ከየግብዣው በፊት ይፈትሹ። የግሪል እሳት አደጋ መነሻው ብዙ ጊዜ የተጠራቀመ ስብ ነው። ስቡ ከተያያዘ ማዞሪያውን ዝጉ፣ መድረስ ከቻላችሁ ታንኩንም፣ ክዳኑን ክደኑ። ውሃ አይደፋበትም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ በኮንቴነር ግሪል ላከልኝ። ጎማው እዚህ ካለው ሲሊንደር ጋር አይገጥምም። አንድ ባለሙያ ቆርጦ ቢያያይዝልኝ ችግር አለው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጎማውን መቁረጥ ሳይሆን ጎማና ሬጉሌተሩን አንድ ላይ መለወጥ ነው። ለሲሊንደርዎ የተሠራውን የቤት ሬጉሌተር ይግዙና ላዩ ላይ የተቀረጸውን ያንብቡ፤ 28 ወይም 30 ሚሊባር የሚል ከሆነ ግሪሉ ከተሠራበት ግፊት ጋር በጣም ይቀራረባል። ጎማው የጋዝ መሆን አለበት፤ የውሃ ጎማ ጋዙ ያደርቀዋል። በግሪሉ በኩል ያለው መጋጠሚያ በሾጣጣ ናስ የሚዘጋ ስለሆነ ለሱ ልክ የሆነ ማገናኛ በብረት ቀለበት ታስሮ ይገጠም፤ ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር አይሆንም። ከዚያ ለዳላሱ አንባቢ የጻፍነውን የሳሙና ፍተሻ በየመጋጠሚያው ያድርጉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የግሪሉ መለያ ወረቀት «ፕሮፔን» ማለቱን ይዩ፤ ለቧንቧ ጋዝ የተሠራ ከሆነ የቫልቮቹ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ በሲሊንደር መለኮስ የለበትም።

ሁለት ነገር ይጠብቁ። ሲሊንደሩ ውስጥ ቡቴን ካለበት፣ ቡቴን በይዘት ሲለካ ከፕሮፔን የበለጠ ሙቀት ይሰጣል፣ የበለጠ አየርም ይፈልጋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ሁለቱ ተደምረው ነበልባሉን ቢጫ ያደርጉታል። መጀመሪያ የአየር መዝጊያውን ሰፋ ያድርጉ። እሱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ አሁንም ድስት የሚያጠቁር ከሆነ የቫልቮቹን ጫፍ አነስ ባለ ቀዳዳ መለወጥ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ የጋዝ ደንብ ከ600 ሜትር በላይ ላለ ቦታ በየ300 ሜትሩ የጋዙ መጠን 4 በመቶ የሚቀነሰው ለዚህ ነው። በረንዳ ውስጥም ሆነ በተዘጋ ኩሽና እንዳይለኩሱት፤ እሳቱ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም።

ጥያቄ፦ ታንኬ ላይ ያለው ቁጥር ምንድነው? ጋዝ የሚሞላበት ቦታ «ጊዜው አልፏል» ብለው መለሱኝ።
አንባቢ፣ ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ በአንገቱ ዙሪያ የተቀረጸው ወርና ዓመት የተሠራበት ነው። በአሜሪካ ታንክ ከተሠራ 12 ዓመት ሲሞላው እንደገና ካልተመረመረ አይሞላም። ከአጠገቡ «ቲ ደብሊው» የሚለው የባዶው ክብደት ነው፤ ለ20 ፓውንድ ታንክ ወደ 17 ፓውንድ ይሆናል። ታንኩን መዝነው ያንን ሲቀንሱለት የቀረዎትን ጋዝ ያውቃሉ። መክፈቻው ባለ ሦስት ማዕዘን ያልሆነ አሮጌ ታንክ ካለዎት ደግሞ ከመጠን በላይ እንዳይሞላ የሚከለክለው መዝጊያ የለውም፤ ከሚያዝያ 2002 ወዲህ እንዲህ ያለውን የግሪል ታንክ መሙላት አይፈቀድም። ባዶ ታንክ የሚቀይሩ ብዙ ሱቆች ጊዜው ያለፈበትንም ይቀበላሉ፤ የቤት ቆሻሻ ውስጥ ግን አይጨመርም።